ፊሮምሳ የለቀቀው አንገት

አቶ ፈየራ ልጃቸው ሲፋለም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ዕለት፣ ፍልሚያው ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ።

ቦታው ሳሪስ ነው፤ ድሮ ጋራዥ የነበረ አዳራሽ። ግድግዳው ላይ የሞተር ዘይት እድፍ እንዳለ ነው፤ መሀሉ ላይ በብረት ቋሚና በሽቦ የታጠረ መድረክ ተተክሏል። ልጆቹ «ኬጅ» ይሉታል። ፀሐይቱ ከአባቷ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ታናሽ ወንድሟ ፊሮምሳ በባዶ እግሩ፣ በቁምጣ ብቻ ወደ ሽቦው ውስጥ ሲገባ አየች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ያንን ትከሻ፣ ያንን ደረት መቼ እንዳወጣው አታውቅም። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በሹራብ ነው የምታየው።

ደወል ተደወለ። ጥቂት ተዟዟሩ፤ ጥቂት ተማቱ። ከዚያ ፊሮምሳ ጎንበስ ብሎ ገባና የተጋጣሚውን ወገብ አቀፈ፤ ከመሬት አንሥቶ፣ እግሩን በእግሩ ጠልፎ ጣለው። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። አቶ ፈየራ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «ይኸው! ወገብ እንዲህ ነው የሚያዝ!» ብለው ጮኹ። ፀሐይቱ አባቷ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም።

ፊሮምሳ ግን አላቆመም። የወደቀው ልጅ ደረት ላይ ወጥቶ በቡጢ ይመታው ጀመር። ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ቡጢው በክንዱ መሀል እየገባ አፍንጫውን አገኘው። ደም ታየ። አቶ ፈየራ እንደ ቆሙ ቀሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ድርግም አለ። ኮፍያቸውን ከአግዳሚው ላይ አንሥተው በሰው ጉልበት መሀል እየተሽሎከሎኩ ወጡ።

አቶ ፈየራ ትግል የሚያውቁ ሰው ናቸው። አሁን መጋዘን የተደረደረበት፣ ከባድ መኪና ቆሞ የሚያድርበት የአቃቂ ወንዝ ዳር፣ እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ የግጦሽ መስክ ነበር። በመስቀል ሰሞን የየመንደሩ ጎበዝ እዚያ ይሰበሰብና ትግል ይገጥማል። ፈየራን የጣለ የለም ይባላል። ራሳቸው ግን ሲጠየቁ፣ «አንድ አለ፤ ስሙን አልነግራችሁም» ብለው ይስቃሉ። መሬቱ ለፋብሪካ ሆነ፤ እሳቸውም የዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ኖሩና ጡረታ ወጡ። መስኩ ጠፍቶ የመስኩ ሕግ ብቻ እሳቸው ዘንድ ቀረ። ሕጉ አጭር ነው፤ ጀርባው ሣር የነካ ሰው ወንድምህ ነው። እጅህን ትሰጠዋለህ፤ አቧራውን ታራግፍለታለህ።

ፊሮምሳ ያን ዕለት አሸንፎ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ ቤት ሲገባ አባቱ በር ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸው።

«የወደቀ ሰው ትመታለህ?» አሉት።

«አባባ፣ ስፖርቱ እኮ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«የማን ሕግ?»

«የዓለም ነዋ! በዓለም ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«ስለ ዓለም አልጠየቅሁህም። የወደቀ ሰው ትመታለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ፊሮምሳ ወደ እህቱ ዞረ።

«መታሁ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ፍልሚያ አለኝ ብለህ እኔን አትጥራኝ።»

አልተኳረፉም። ከዚያ በኋላም ከአንድ ትሪ በሉ፤ ስለ ጣሪያው መፍሰስ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወሩ። ስለ ፍልሚያ ግን ያ ቤት ጸጥ አለ። ፊሮምሳ ለልምምድ ሲወጣ «ደርሼ መጣሁ» ይላል፤ አባቱ «እሺ» ይላሉ፤ አለቀ።

ፀሐይቱ ነገሩ ወንድሟ ውስጥ ምን እንደሠራ ያወቀችው ቆይታ ነው። ሳሪስ ያለው አሠልጣኙ ዘካሪያስ፣ አንድ ቀን ከምትሠራበት ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ጠብቆ አገኛት። አጭር፣ ጆሮው በድሮ ጁዶ የተጨማደደ፣ ሲናደድ የሚንተባተብ ሰው ነው።

«እህቱ ነሽ፤ አንቺን ይሰማሻል» አላት። «ንገሪው። ወንድምሽ ሰው መሬት ከጣለ በኋላ አልመታም አለ። ሙሉ በሙሉ! ይጥላል፤ ከዚያ እጁን ይሰበስባል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። በዚህ ስፖርት ውስጥ ይህ ማለት አንድ እጅን አስሮ እንደ መግባት ነው!»

«ታዲያ እንዴት ያሸንፋል?»

ዘካሪያስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «እሱ ነው የሚገርመኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያሸንፋል።»

ማታ ጠየቀችው። ፊሮምሳ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ለአባባ እንዳትነግሪው» አላት። «ለሱ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስለው።»

«ለሱ ብለህ አይደለም?»

«አላውቅም፣ እቴ። ያ ልጅ ፊቱን ሲሸፍን ትዝ ይለኛል። አባባ ባይወጣ ኖሮም ትዝ የሚለኝ ይመስለኛል።»

እንዲህ ተጀመረ። ቀጥሎ የመጣውን የአቃቂ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊሮምሳ ናይሮቢ ሄዶ አሸነፈ፤ ካምፓላ ሄዶ አሸነፈ፤ ባህሬን ድረስ ተጠርቶ፣ ከሱ በክብደት የሚበልጥ የሚመስል ሰው ትከሻ ቆልፎ እጅ አሰጠው። አንድም ጊዜ የወደቀ አልመታም። የሚገጥሙት ሰዎች ይህን አወቁና ሊጠቀሙበት ሞከሩ። ሲደክማቸው ሆን ብለው ይወድቃሉ፤ መሬት ላይ ከሱ የሚመጣ ቡጢ የለማ! እዚያ ሲጠብቁት ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይመጣባቸዋል። አንድ እግር ይይዛል፤ ከዚያ ወገብ፤ ከዚያ ክንዱ ከየት እንደመጣ ሳያውቁት አገጫቸው ሥር ገብቶ ያገኙታል። ሰፈር ውስጥ «ዘንዶው» ተባለ። ፀሐይቱ ስሙን አልወደደችውም። ዘንዶ አጥንት ይሰብራል፤ ወንድሟ የያዘውን ሰው በሰላም ነው የሚያስነሣው።

ጠዋት ጠዋት ከአቃቂ ድልድይ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ቱሉ ዲምቱ ይሮጣል። ወደ ቂሊንጦ ሠራተኛ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች ያን ሰዓት ነው የሚያልፉት። ሠራተኞቹ መስኮቱን እየደበደቡ «ፊሬ! ፊሬ!» ይሉታል። ፀሐይቱም አንዳንዴ ከፋብሪካዋ ሰርቪስ ውስጥ ሆና ታየዋለች። ላቡ በብርዱ ውስጥ እንደ እንፋሎት ከጀርባው ይነሣል፤ ዓይኖቹ መንገዱ ላይ ተተክለዋል። ያን ጊዜ «የኔ ወንድም ነው» ማለት ይከብዳታል። ለሆነ ሌላ ነገር የተፈጠረ፣ እሷ ቤት በአደራ የተቀመጠ ፍጥረት ይመስላታል።

ከዚያ የጆሃንስበርጉ መጣ።

የአፍሪካ ሻምፒዮና ቀበቶ ነው። ተጋጣሚው ሲፎ የሚባል የዚያው አገር ሰው፤ ረጅም፣ ጡንቻው የተጠረበ፣ በቡጢ ብዙ ሰው የዘረረ። ፍልሚያው በቴሌቪዥን ይተላለፋል ሲባል፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ያለው የአማረች ምግብ ቤት ገና ከቀትር ጀምሮ ሞላ። ሥራ የጨረሱ ጠባቂዎች፣ የሲኖትራክ ሹፌሮች፣ እስረኛ ጠይቀው ሲመለሱ ወሬውን ሰምተው የቀሩ ሰዎች፤ ወንበር ያጣው የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። አማረች ለፀሐይቱ ከፊት ወንበር አስቀምጣላታለች።

ፍልሚያው ሊጀመር ሲል ፀሐይቱ ዞር አለች። አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል።

«አባባ! ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ነው የማየው» አሉ። «ካስጠላኝ እሄዳለሁ።»

የመጀመሪያው ዙር ክፉ ነበር። ሲፎ ረጅም እጁን እየሰነዘረ ፊሮምሳን መጠጋት ከለከለው። የፊሮምሳ ቅንድብ ተሰነጠቀ፤ ደሙ በግራ ዓይኑ ላይ ወረደ። በሁለተኛው ዙር ግን አንድ ቡጢ ከጭንቅላቱ በላይ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወገብ! ምግብ ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ሲፎ እንደ ግንድ ወደቀ። ፊሮምሳ ከላዩ ሆነ፤ እጁን ግን አላነሣም።

ፀሐይቱ ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ ሰማች። አባቷ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«ለምንድነው የማይመታው?» አለ አንድ ሹፌር።

«ፊሬ መሬት ላይ አይመታም» አለ ሌላው። «አታውቅም እንዴ? መቼም መትቶ አያውቅም።»

አቶ ፈየራ ወደ ሰውዬው ዞሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ወደ ፀሐይቱ።

«መቼም?» አሏት።

«ከዚያች ከሳሪሷ ቀን ወዲህ መቼም» አለች።

አቶ ፈየራ ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ።

ፊሮምሳ በሲፎ ጀርባ በኩል ዞረ። እግሮቹን በሰውዬው ወገብ ላይ ቆላለፈ። ቀኝ ክንዱ ከአገጩ ሥር ገባ፤ ግራ እጁ ከኋላ ዘጋው። ሲፎ ተንፈራገጠ፤ የፊሮምሳን ክንድ በሁለት እጁ ጎተተ፤ አልሆነም። ዳኛው እጅ መስጠቱን ለማየት በእግሮቻቸው በኩል ጎንበስ ብሏል፤ የሲፎ ፊት ግን በዚያኛው ወገን፣ ወደ ሽቦው የዞረ ነው። ድሉ ደርሷል። አማረች እልል ለማለት እጇን ወደ አፏ አነሣች።

በዚህ መሀል ፊሮምሳ ለቀቀው።

ዝም ብሎ ለቀቀው። ክንዱን አወጣ፤ የሰውዬውን ራስ በመዳፉ ይዞ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ አኖረው፤ ተነሣና ወደ ዳኛው ዞሮ በእጁ ወደ ሲፎ አመለከተ። ዳኛው የሆነው ነገር አልገባውም። ለሱ የታየው፣ አንዱ ይዞት የነበረውን ትቶ መነሣቱ ብቻ ነው። «ቀጥሉ» ብሎ እጁን አወዛወዘ። ፊሮምሳ ጀርባውን ለሲፎ ሰጥቶ እያስረዳ ሳለ፣ ሲፎ ዓይኑን ገለጠ። እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ተነሣ፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አየና ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ።

ፊሮምሳ ሲዞር ቡጢው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ወደቀ። ፊሮምሳ ወድቆ ሳለም ሲፎ ደጋገመለት፤ ያን ጊዜ ዳኛው መሀላቸው ገብቶ አስቆመ።

የምግብ ቤቱ ሰው አበደ። «ሞኝ!» የሚል አለ፤ «ተገዝቶ ነው!» የሚል አለ፤ አንዱ ጠርሙስ ወርውሮ ግድግዳ ላይ ሰበረ። ፀሐይቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። ከጩኸቱ በላይ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ነው ቀና ያለችው።

አቶ ፈየራ ከመሀል ቆመው ከዘራቸውን ከወለሉ ጋር እያጋጩ ነበር። «ዝም በሉ!» ይላሉ። «ዝም በሉ እናንተ! እጁን አላያችሁም? የዚያን ሰው እጅ አላያችሁም? ተዘርግቶ ነበር! ሰውዬው እዚያ አልነበረም፤ ራሱን ስቶ ሄዷል! ዳኛው አላየም፤ እናንተ አላያችሁም። ልጄ አወቀ! ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ፣ ዓይኑ ደም ሞልቶ፣ ቀበቶው እጁ ገብቶ… አወቀና ለቀቀው!»

አቶ ፈየራ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚደረገው፣ ደረታቸው ላይ ይዘውት፣ ሐኪሞች የከበቡትን ልጃቸውን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ቆመው አዩ። ቀስ በቀስ አጠገባቸው ያሉት ጠባቂዎችም ቆብ ቆባቸውን ያወልቁ ጀመር። ለምን እንደሆነ ግማሾቹ የገባቸው አይመስልም ነበር።

ፊሮምሳ ሲመለስ ግራ ዓይኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ከዓይኑ ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ተላቅቋል አሉ ሐኪሞች፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዓይኑ ተረፈ፣ ማየቱ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በላይ አንድ ቡጢ ሌላውንም ሊያሳጣህ ይችላል ተባለ። ገና በጉልበቱ አፍላ ሳለ ፍልሚያ ተወ። ቦሌ ሲያርፍ አባቱ ነበሩ ቀድመው የደረሱት። ልጃቸውን ወገቡ ላይ አቀፉት፤ የትግል አያያዝ፣ ሁለት እጅ ከኋላ ተቆልፎ። ሻንጣ የሚገፋው ሰው ሁሉ ዞሮላቸው እያለፈ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ።

ፀሐይቱ ግን ይቅር አላለችም። አባቷ የተደነቁበት ነገር እሷን አቃጠላት። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ በግራ በኩል ያለውን ፎጣ እየዳሰሰ ሲፈልግ ታያለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፊሬ፣ ለቀቅ አርገው!» እያለ ሲያላግጥበት፣ እሱ ደግሞ አብሮ ሲስቅ ትሰማለች። አንድ ቀን አልቻለችም።

«አንድ ትንፋሽ!» አለችው። «አንድ ትንፋሽ ያህል ብትጠብቅ ዳኛው ያየው ነበር። አንተም ዓይንህ ይኖርህ ነበር። ለማን ብለህ ነው? ስምህን እንኳ በትክክል መጥራት ለማይችል ሰው?»

ፊሮምሳ አልተቆጣም። «እውነትሽን ነው» አላት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አበገናት።

ዘካሪያስ እርጅና ሲጫነው የሳሪሱን አዳራሽ ለፊሮምሳ ተወለት። እሱ ግን ሥራውን ወደ አቃቂ አምጥቶ፣ ወንዙ ዳር ካሉት መጋዘኖች አንዱን ተከራየና ወለሉን በወፍራም ስፖንጅ አልብሶ ማስተማር ጀመረ። ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጡ ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ይመጣሉ። ፀሐይቱ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም።

ሲፎ የመጣው ከጆሃንስበርጉ ፍልሚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ እሑድ ነው። ወደ ዱባይ ሲሄድ ቦሌ ላይ የሚቆይበት ሰፊ ጊዜ ነበረውና ለፊሮምሳ ደወለ። ከላዳ ታክሲ ወርዶ በጭቃው ላይ እየተራመደ ግቢያቸው ሲገባ የበሩ ጉበን ራሱን ሊነካው ጥቂት ቀረው። ፀሐይቱ ይህን ሰው ስትረግም ከርማለች። ሳህን እያጠበች፣ የዱቄት ከረጢት እየሰፋች፣ በልቧ ስንቱን ነግራዋለች! አሁን በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቆም፣ አንዱም ቃል አልመጣላትም። በቴሌቪዥን ከታየው ይልቅ የከሳ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው።

ሲፎ አቶ ፈየራን ሲያይ በአንድ ጉልበቱ ዝቅ አለ፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ተቀበለ። በአገሩ ለሽማግሌ እንደዚያ ይደረጋል መሰለኝ፣ አለች ፀሐይቱ በልቧ፤ እኛም ዘንድ እኮ እንደዚያው ነው። ተቀመጡ። ፊሮምሳ የሲፎን እንግሊዝኛ እየተረጎመላቸው አወሩ።

«እኔ ያን ቀን አላስታውሰውም» አለ ሲፎ። «ክንድህ አገጬ ሥር እስኪገባ ድረስ አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ወንድሜ አቅፎ ‹አሸነፍክ› ሲለኝ ነው። መሀሉ የለም። የመታሁህ እኔ መሆኔን እንደ ሌላው ሰው በፊልም ነው ያየሁት።»

ፊሮምሳ ተረጎመ።

«ደጋግሜ አየሁት» አለ ሲፎ። «የምታሸንፍበትን ሳይሆን የምትለቅበትን ቦታ። ሐኪም አሳየሁ። ‹ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?› አልኩት። ‹ምናልባት ምንም፤ ምናልባት ደግሞ እዚህ አትቀመጥም ነበር› አለኝ። ለምን አልጠበቅህም? ማስቆም የዳኛው ሥራ ነው፤ ያንተ አይደለም።»

«ሄደህ ነበራ» አለ ፊሮምሳ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ይህ ግዙፍ ሰው ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። አቶ ፈየራ ወደሱ ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጠይቅልኝ» አሉ ለልጃቸው። «ራስህን ያምሃል ወይ በለው። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ በለው። እንደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው እንቅልፍ ይከብደዋል።»

ሲፎ ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እንደሞላ ሳቀ። «በላቸው፣ አሁን አሁን ይወስደኛል» አለ።

ሊሄድ ሲነሣ ፀሐይቱ በር ድረስ ሸኘችው። እጇን ዘረጋችለት። «በሰላም ግባ» ብቻ አለችው፣ በአማርኛ። እሱም የገባው ይመስል ራሱን ዝቅ አደረገላት።

ከሰዓት በኋላ ፊሮምሳ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ተከተለችው። ዞር ብሎ አያትና መንገዱን ቀጠለ። እሑድ ስለሆነ ማንም የለም። ጫማዋን አውልቃ ስፖንጁ ላይ ወጣች፤ እግሯ ሥር ሰመጠ። በጣሪያው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ወለሉ ላይ ተበታትኗል።

«እንዴት ነው ያወቅኸው?» አለችው። «ዳኛው በዓይኑ ያላየውን አንተ ከሲፎ ኋላ ሆነህ እንዴት አወቅህ?»

«ለመናገር ያስቸግራል።»

«እንግዲያው አሳየኝ።»

አመነታ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ከኋላዋ ተንበረከከ። ክንዱ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች፤ ክብደቱን ጠብቃ ነበር፣ ግን እንደ ሻርፕ ነው ያረፈው። ቀስ እያለ ተጠጋ። ጉሮሮዋን አልነካውም፤ ከግራና ከቀኝ ብቻ ያዛት። የራሷን ልብ ትርታ ጆሮዋ ውስጥ ሰማች።

«አሁን የደም ሥርሽ ክንዴን ይመታዋል» አላት፣ ድምፁ ጆሮዋ ሥር ነው። «ትንፋሽሽ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ጡንቻሽ ይታገለኛል፤ ሳታውቂው እንኳ ይታገላል። የያዝኩት ሰው በሙሉ ይሰማኛል፣ እቴ። ሲፈራ ይሰማኛል። ሲያስብ ራሱ ይሰማኛል።»

«ሲሄድስ?»

«ይከብዳል። በቃ፣ ድንገት ይከብዳል። አንቺ ታውቂዋለሽ። የታዘለ ልጅ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው እንዴት ነው? ሳትዞሪ ታውቂ የለም?»

እናቷ ከሞተች በኋላ የነበሩት ምሽቶች በሙሉ ጀርባዋ ላይ መጡ፤ ያ የሚያለቅስ፣ የሚንፈራገጥ ሕፃን፣ ከዚያ ድንገት የሚመጣው ያ ሙሉ፣ የተማመነ ክብደት። ያን ክብደት የተሰማው ሰው ምን ያደርጋል? ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ሌላ ምን ይደረጋል?

ጆሃንስበርግ ላይ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ሲጮኽ፣ አጥንቱ ሲቃጠል፣ የዕድሜውን ሕልም በክንዱ አቅፎ ሳለ፣ ወንድሟ ይህን ሰምቷል። ሰምቶም ምንም አልመረጠም፤ አወረደው እንጂ። አባቷ ኮፍያቸውን ያወለቁለት ነገር ለፀሐይቱ አሁን ገና በአንገቷ በኩል ገባት።

ሳትነግረው ለቀቃት። እንዲለቃት ልትለው ያሰበችው ገና ያን ጊዜ ነበር። ዞር ብላ አየችው፤ አንዱ ዓይኑ እሷን ያያል፣ ሌላው ከትከሻዋ ባሻገር ወደሚገኝ ቦታ።

«አመመሽ እንዴ?» አላት ተጨንቆ።

«አላመመኝም» አለችው። ወደነበረችበት ተመልሳ ጀርባዋን ሰጠችው፤ አገጯን ቀና አደረገች።

«እንደገና ያዘኝ» አለች።